ቢሻው በሬውን የካደ ዕለት

፦ ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

፦ ኧረ ምን ነው ድምፃችሁ፣ እራት ሳትበሉ መጣችሁ እንዴ? ደግሞ የዛሬው የላም አይደለም፣ የበሬ ነው። እንደገና በሉ። ተረት ተረት!

፦ የበሬ በረት!

፦ እሰይ፣ እንዲህ ነው። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት መንደር፣ ቢሻው የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ እናኑ ትባላለች። አንድ በሬም ነበራቸው፤ ስሙ ዳልቻ ነው። መልኩ አመድማ ስለሆነ ነው ዳልቻ ያሉት። ቢሻው ክፉ ሰው አልነበረም። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ እንግዳ ይቀበላል። አንድ ነገር ብቻ አይወድም። አጥር ማጠር አይወድም።

እናኑም ጠዋት ማታ ትነግረዋለች።

፦ አንተ ሰው፣ የበረቱ አጥር ወድቋል። አንድ ቀን በሬው ይሄድልሃል።

፦ ነገ አጥረዋለሁ።

ነገ ይመጣል፣ ቢሻውም ነገ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ መኸር ደረሰ። እህሉ ታጭዶ ሳይከመር፣ ግማሹም ሳይታጨድ፣ ቢሻው አንድ ቀን ማለዳ ወደ በረቱ ቢሄድ ዳልቻ የለም። በረቱ ባዶ ነው። አጥሩም ተኝቷል።

ቢሻው ምን ያደረገ ይመስላችኋል? በሬውን ፍለጋ ሮጠ? የለም! እናኑ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበርና፣ እሷ ሳትመለስ ብሎ ተጣድፎ አጥሩን አጠረ። ስንት ወር ነገ ሲለው የከረመውን በአንድ ጊዜ አጠረው። ከዚያም እሾህ የቧጠጠው እጁን በጋቢው ሸፈነና ጮኸ።

፦ ኡኡ! ያገር ሰው ድረሱልኝ! ተሰረቅሁ!

ያገሩም ሰው ደረሰ። በረቱን አየ፣ አጥሩን አየ።

፦ አጥሩ ደህና ነው። ታዲያ በሬው በየት ወጣ?

፦ በሌባ እጅ ነዋ! ጊዮርጊስን! ያለ ሌባ ከዚህ በረት የሚወጣ በሬ የለኝም!

ማለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጆቼ፣ አይመለስም። ሰዉም ተገረመ። በሬ ሰርቆ አጥር አጥሮ የሚሄድ ሌባ አይቶ አያውቅማ። አንዱ እንዲያውም «እንዲህ ያለውን ሌባ ለእኔም በላከልኝ» አለ አሉ። እናኑም እንስራዋን አዝላ መጣችና አጥሩን አየች። ዓይኗን አሸች። እንደገና አየች። ምንም አልገባትም።

የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙም አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ ምን እንደሆነ አታውቁም እናንተ። በድሮ ጊዜ ከብት ሲሰረቅ ያገሩ ወንድ በሙሉ በአንድ አጥር ውስጥ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ያየ ሰው ካለ ለሽማግሌ በጆሮ ይናገራል። ተናጋሪውን «ወፍ» ይሉታል፤ ስሙ አይነገርም። ሌባ የተባለ ሰው ግን አለቀለት። በማኅበር አይቀመጥም፤ እሳት ቢጠፋበት ፍም የሚያውሰው ጎረቤት የለም።

ወንዱ ሁሉ ገባ። በሩም ተዘጋ። ዘበኛም ዱላውን ይዞ በር ላይ ቆመ።

እንግዲህ ጠባቂ የሌለው ከብት ምን ይሆናል? ሰዉ ታጎረ፣ ከብቱ ተፈታ! ፍየሎቹ የቄሱን ጎመን በሉት። አህያዋ የታጨደው እህል ላይ ወጣችና ወረደችበት። ጥጃዎቹ ከእናቶቻቸው ጋር ተገናኝተው ጡቱን አደረቁት። አንድ በግ ሰው ቤት ገብቶ የተቦካ ሊጥ ደፋ። ሴቶቹም ይህን ሲያባርሩ ያ ይገባል፤ ያንን ሲያባርሩ ይህ ይወጣል። አንዷ የሌላዋን ላም አስገብታ አለበች፤ ሌላዋም የአንዷን አህያ የራሷ መስሏት አሰረች። ከዚያም «አህያዬን!» «ላሜን!» ብለው ጸጉር ሊነጫጩ ደረሱ። የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

በአጥሩ ውስጥ ደግሞ ወንዶቹ እንደተቀመጡ ዋሉ፣ አደሩ። ራባቸው። በነጋታውም አንድ ወፍ ተናገረ። «የጓዴ በር ላይ ትኩስ እበት አይቻለሁ» አለ።

ኧረ እበት የሌለበት በር የት አለና! የራባቸው ሰዎች ግን «አዎ፣ ጓዴ ነው» አሉ። ጓዴ የቢሻው ጎረቤት ነው። ከአሮጊት እናቱ ጋር የሚኖር፣ ሲናገር የማይሰማ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

፦ አልሰረቅሁም፣ አለ ጓዴ።

፦ ማል!

፦ በእናቴ እምላለሁ፣ አልሰረቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ። ወፍ ሰረቀ ብሏል፤ እሱ አልሰረቅሁም ብሏል። ቢሻውም እሾህ የቧጠጠው እጁን በጋቢው ደህና አድርጎ ሸፈነ።

እናኑ እነሱ እንዲህ ሲሆኑ ምን ታደርግ ነበር? የሰው ፍየል ስታባርር ወንዝ ዳር ወዳለው ሽንብራ ማሳ ወረደች። የራሳቸው ማሳ ነው። ብታይ ዳልቻ ከሽንብራው መሀል ተኝቷል። ግማሹን በልቶታል። ሆዱ ነጋሪት አክሏል፣ ተነስ ቢሉት አይነሳም። ሰዉ የጓዴን ጓሮ ሲጠረጥር፣ የቢሻውን ማሳ ያየ ሰው አልነበረም። ቢሻው ራሱም አላየም!

እናኑ እልል አለች። በሬውን እየገፋች፣ እየለመነች፣ እየሰደበች ነዳችው። መንደር ስትደርስ ሴቶቹ ተከተሏት። አውጫጭኙ አጥር ዘንድ ስትደርስ ዘበኛው ዱላውን ጋረደ።

፦ ሌባው ሳይታወቅ ሰው አይገባም!

፦ በሬ ሰው ነው?

ዘበኛውም ያስብ ጀመር። እሱ እያሰበ እናኑ በሬውን ገፋችው፣ ዳልቻም ገባ። እሷም ጭራውን ይዛ ተከትላው ገባች። ወንዶቹ ሁሉ ብድግ አሉ።

፦ ተመስገን! ተገኘ! እንሂድ!

፦ ቆይ፣ አለ ጭቃ ሹሙ። ሕግ ነው። ቢሻው፣ በሬህ ነው?

ቢሻው «ነው» ቢል፣ «ከየት ተገኘ?» ይሉታል። በበሬው አፍ ዳር የሽንብራ ቅጠል አለና «ከራሴ ሽንብራ» ሊል ነው። «በየት ወጣ?» ይሉታል። በጊዮርጊስ ምሏል። ይህ ሁሉ ሰው ጾሙን ያደረው በእሱ መሐላ ነው። በሬውን ከላይ እስከ ታች አየው።

፦ ኧ... አይደለም። የእኔ በሬ ዳልቻ ነው። ይሄ ጠቆር ይላል።

ዳልቻ አቧራ ላይ ተንከባሎ ነበርና እውነትም ጠቆር ብሏል። ሰዉ ዞሮ ዞሮ አየው። አንዱ «ልክ ነው፣ ጠቆር ይላል» አለ። ሌላውም «ቀንዱም ረዘም ይላል» አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው! ዳልቻን ከራሱ በሬ ጋር ጠምዶ ያረሰ ሰው እንኳ «አላውቀውም» አለ።

ጭቃ ሹሙም ግንባሩን አከከ።

፦ እንግዲያው አንድ በሬ ጠፍቶብናል፣ አንድ የማይታወቅ በሬ ደግሞ ተገኝቶብናል። አንቺ ሴትዮ፣ ይህን የሰው በሬ ከየት አመጣሽው?

፦ ከባሌ ሽንብራ!

፦ ባልሽ ማን ነው?

፦ ይኸው አጠገብህ የቆመው! ጠይቀው!

፦ ቢሻው፣ ሚስትህ ናት?

ቢሻው «ናት» ቢል ሽንብራው የእሱ ሊሆን ነው። ሽንብራው የእሱ ከሆነ በሬው የእሱ ሊሆን ነው። እናኑም ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ስትሮጥ ውላለች፤ አቧራ መስላለች። አያትና እንዲህ አለ።

፦ እሷም... ጠቆር ብላለች።

አትሳቁ! ያኔ የሳቀ ሰው የለም። እናኑ በነጠላዋ ፊቷን መጥረግ ጀመረች። ጭቃ ሹሙ ግን ጨርሶ ግራ ገባው።

፦ እንግዲህ ምን ላድርግ? ለዚህኛው በሬ ሌላ አውጫጭኝ እጠራለሁ። ሁላችሁም ተቀመጡ!

አቤት የወንዶቹ ለቅሶ! ከውጭ ሴቶቹ «እህሉ አለቀ! ከብት ጨረሰው!» እያሉ ይጮኻሉ። ከውስጥ ወንዶቹ ይጮኻሉ። ዳልቻም ከመሀል ቆሞ ያመሰኳል። ያን ጊዜ ጓዴ ተነሳ። ያ ሲናገር የማይሰማው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

፦ ጭቃ ሹም፣ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

ጭቃ ሹሙም ወደ እሱ ዞረ።

፦ የትኛውን?

፦ ሁለቱንም። የጠፋውንም ሰርቄያለሁ፣ የተገኘውንም ሰርቄያለሁ። በሩን ክፈቱና ሰዉ እህሉን ይሰብስብ። ዓመቱን ሙሉ ልጅ ከሚራብ እኔ ሌባ ልባል።

ልጆቼ፣ እኔ ይህን ስናገር እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል። ያ ሰው ከስሙ በቀር ምን ነበረውና!

ቢሻው ጓዴን አየ። ጓዴ ግን አላየውም። ያን ጊዜ ቢሻው መሬት ላይ ተደፋ።

፦ ውሸት ነው! አልሰረቀም! በሬው የእኔ ነው። ሚስቴም የእኔ ናት። ሽንብራውም የእኔ ነው። አጥሬ ወድቆ ነው በሬው የወጣው። አፍሬ አጠርኩት፣ አፍሬ ማልኩ፣ አፍሬ ካድኩ!

እናኑም ወገቧን ይዛ አየችው።

፦ አሁን ባሌን አወቅሁት፣ አለች። ቤት ስንገባ ግን እንነጋገራለን።

ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ወንዶቹ አጥሩን ጥሰው ወጡ። እያንዳንዱ ወደ እህሉ ሮጠ። ጭቃ ሹሙ ብቻውን ቀረና «ታዲያ ሌባው ማን ሆነ?» እያለ በሬውን ይጠይቅ ነበር አሉ።

ከዚያም ቢሻው ድንጋይ ተሸክሞ ጓዴ እግር ላይ ወደቀ።

፦ ጓዴ ወንድሜ፣ ማረኝ።

፦ እኔስ ምሬሃለሁ። ለእናቴ ግን «ልጅሽ ሰረቅሁ አለ» ብለው ነግረዋታል። ሄደህ ለእሷ ንገራት።

ቢሻውም ሄደ። እማማ ትርንጎ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

፦ እማማ፣ ልጅዎ አልሰረቀም።

፦ ታዲያ በሬህን ማን ሰረቀው?

፦ ማንም።

፦ ማንም ካልሰረቀው ልጄ ለምን ሰረቅሁ አለ?

፦ እኔ እውነቱን ስለደበቅሁ ነው እማማ።

፦ እውነቱ ምንድን ነው?

፦ አጥሬ ወድቆ ነበር።

፦ አልገባኝም ልጄ፣ አርጅቻለሁ። እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።

ቢሻውም ከመጀመሪያው ነገራት። አሁንም «አልገባኝም» አለች። በነጋታው ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ባሉበት ጠራችው።

፦ ቢሻው፣ ያ ነገር ግራ አጋብቶኛል። እስቲ እነዚህ እንዲያስረዱኝ በእነሱ ፊት ንገረኝ።

ነገራት። አልገባትም። እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ በደጀ ሰላሙ ጠራችው። ነገራት። አልገባትም። በገበያ ቀን ከሰባት አገር የመጣ ነጋዴ በተሰበሰበበት ጠራችው። ቢሻውም ጋቢውን አፉ ላይ እያደረገ «አጥሬ ወድቆ ነበር...» ብሎ ይጀምራል። እሷም ጆሮዋን አዘንብላ ትሰማና ራሷን ትነቀንቃለች። እንዲህ እያለ በዚያ አገር ጓዴን ሌባ የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ሰዎቹም «ወይ ምስኪን፣ እርጅና ነው፣ ነገር አይገባትም» ይሉ ነበር።

ኧረ ወዲያ! ገና የመጀመሪያው ቀን ገብቷት ነበር።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ። በሉ ቆሎ ያላችሁ ቆሎ፣ ጠላ ያላችሁ ጠላ፣ ምንም የሌላችሁ ምርቃት ይዛችሁ ኑ። ባዶ እጁን የመጣ ግን አልገባኝም ብዬ እንደገና እጀምርለታለሁ።