ሳይቆረጠም የተገዛ ዘር

አንድ ደርበው የሚባል ገበሬ ነበር። ያለው በሬ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከጎረቤቱ ከጫኔ በሬ ጋር እያቀናጀ ያርስ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ነጋዴ በጭነት መኪና ወደ ገበያው መጣና በድምፅ ማጉያ ይጮህ ጀመር። «ተአምረኛ የበቆሎ ዘር በበሬ እንለውጣለን! ዘንድሮ ይህን ያልዘራ ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው?» አጠገቡ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ቆሟል። ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ ጋወኑን አይቶ ሁሉም አመነው። ሌላ ሰው ደግሞ «አምና ዘርቼው ጎተራ ጠበበኝ!» እያለ ይምላል። የየት አገር ሰው ነው ያለም አልነበረም።

በዚያ ገበያ እህል የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ፍሬውን ይቆረጥማል። ነቀዝ የበላው በጥርስ ይለያል። ያን ቀን ግን ጆንያው ሁሉ ተሰፍቷል፤ ድምፅ ማጉያውም «ሊያልቅ ነው! መኪናው ሊነሳ ነው!» ይላል። ጫኔ በሬውን አስረክቦ ጆንያውን ተሸከመ። ደርበውም በሬውን ወደ መኪናው ሲጎትት፣ ሚስቱ እናንዬ ገመዱን ያዘች።

«ቆረጠምከው?»

«ሰው ሁሉ እየወሰደ አይደል እንዴ! ልጆቻችንን በረሃብ ልትፈጂያቸው ነው?»

«ሰው ሁሉ መውሰዱን አየሁ። የቆረጠመውን አሳየኝ።»

ደርበው ዞር ዞር ብሎ አየ። አንድም የቆረጠመ የለም። ነጋዴውን «አንዱን ጆንያ ፍታልኝ» አለው።

«ከተፈታ ኃይሉ ይጠፋል፣ አባቴ። ካልፈለጉ ለሌላው ይልቀቁ!»

«ልቀቅ እንጂ!» ብሎ ከኋላው ያለው ሰው ጮኸበት።

ደርበው የጫኔን ጆንያ በዱላው ጫፍ በስቶ አንድ ፍሬ ወደ አፉ ጣለ። ምርጥ ዘር እንዲመስል ከላይ ቀይ ቀለም የተቀባው ፍሬ በጥርሱ መሐል ዱቄት ሆነ።

«ነቀዝ ነው!» ብሎ ሲጮህ መኪናው ተነሳ። ጫኔ ጆንያውን ጥሎ ሮጠ፤ ግን አልደረሰበትም። የጫኔ በሬ መኪናው ላይ እንደተጫነ ከነገመዱ ሄደ።

የደርበው በሬ ተረፈ። ዝናቡ ሲጥል ግን የሚቀናጀው አጥቶ ብቻውን ቆመ። የሁለቱም ማሳ ጦም አደረ።

ማስፈራሪያው፣ ጋወኑ፣ ምስክሩና «ሊያልቅ ነው» የሚለው ጩኸት ሥራቸው አንድ ነበር፤ ማንም ፍሬ እንዳይቆረጥም ማድረግ። ዛሬም በየቴሌቪዥኑና በየስልካችን የሚያጣድፈን ሁሉ ከምን ሊያዘናጋን እንደሆነ እንጠይቅ። ጎረቤታችን ሲታለል ደግሞ ዳፋው ለእኛም ነውና ዝም አንበል።

እርስዎስ በቅርቡ ሳይቆረጥሙ ያመኑት ነገር ምንድን ነው?