ስለ አንድ መንደር ውሃ የተጻፉ አራት መጻሕፍት

አንድ ገበሬ ነበረ። አንተ የጠየቅኸኝ ለሁለተኛ ዲግሪ የትኛውን የትምህርት ክፍል ልምረጥ፣ የትኛውስ ለሕዝብ የበለጠ ይጠቅማል ብለህ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ውሃ ላወራህ ነው። ታገሠኝ፤ ሽማግሌ ከጥያቄው ሲርቅ አዲስ አይደለም።

ገበሬው የሚኖረው በስምጥ ሸለቆ፣ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ከተማ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ነበር። ጨዋ ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ያለውን ያቀርባል፤ ምን ፈልገህ መጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ያልተጠየቀውን አይዘባርቅም። አባቱ እንደዚያ አድርገው ነው ያሳደጉት። አንዲት ልጅ ነበረችው፣ አስካለ የምትባል። ከእሷ በፊት ሁለት ቀብሯልና ዓይኑ ከእሷ ላይ አይነቀልም ነበር።

መንደሩ ሁለት ውሃ አለው። አንዱ ከላይ፣ ከቤቶቹ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ነው፤ ሌላው ከገደሉ ሥር ያለ ምንጭ። በድሮ ጊዜ ሰው ከምንጩ ይጠጣ ነበር፣ ጉድጓዱ የከብት ነበር። በኋላ ጉድጓዱ ላይ ፓምፕ ተተከለና ሴቶቹ ገደል መውረዱ ቀረላቸው። እንስራ አዝሎ ያንን አቀበት የወጣ ያውቀዋል፤ ማንም አይፈርድባቸውም።

አስካለ መዳኽ በጀመረችበት ዓመት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣ። የሚያጠናው ድንጋይ ነው። ገበሬው ቤት ሦስት ቀን ሰነበተ፣ ገደሉን በመዶሻ እየቆረቆረ ድንጋይ ሰበሰበ፣ ከጉድጓዱም ከምንጩም ውሃ በጠርሙስ ቀዳ። ስለ ጉድጓዱ ጥልቀትና ሲቆፈር ስለወጣው አፈር ጠየቀ፤ ገበሬው አንድ በአንድ መለሰለት። መጨረሻ ላይ ከወረቀቱ እያነበበ «ሌላ የሚጨምሩት ነገር አለ ጋሼ?» አለው። ገበሬው ፓምፑ ከተተከለ ወዲህ የመንደሩ ልጆች ጥርስ እየጠቆረ መምጣቱ ትዝ አለው። ግን የድንጋይ ሰው ፊት የጥርስ ወሬ ማንሣት ነውር መሰለው።

«የለም ልጄ፣ እግዜር ያሳድግህ» ብሎ ሸኘው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ልጅ መጣች፤ እሷ የምታጠናው የሴቶችን ዘፈን ነበር። የገበሬውን አማት ከወፍጮ ድንጋዩ አጠገብ አስቀምጣ ታዘፍናቸው ጀመር። አሮጊት ካዘፈኗት ስንቱን ታውቃለች፤ ተማሪዋም ድምፃቸውን ቀዳች፣ ጻፈች፣ ሄደች። አሮጊቷ በዚያው ዓመት ሞቱ።

ቀጥሎ ስለ ዛፍ የሚያጠናው መጣ። ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ «ከገደሉ ሥር ያለውን መሬት የሚጠቀምበት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰው ገበሬው ነው። ማንም እንደማይወርድበት ነገረው፤ እውነቱን ነው። ተማሪውም ባሕር ዛፍ ተከለበት፣ በየጊዜው እየመጣ ቁመቱን ለካ፣ ጨርሶም ሄደ።

አስካለ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ጉልበቶቿ ወደ ውጭ ጎብጠው ያለ በትር አትሄድም ነበር። ያኔ የመጣው የአጥንት ተማሪ ነው። ልጆቹን አሰልፎ እግራቸውን ለካ፣ ጥርሳቸውን አየ፣ መዘገበ። የአባቱን ምክር ገበሬው በዕድሜው አንዴ ያፈረሰው ያን ቀን ነው።

«ዶክተር፣ ልጄን ምን ነክቷት ነው?» አለ።

«ገና እያጠናን ነው አባቴ» አለው ተማሪው።

ገበሬው ይህን ቃል አመነ። ጥናቱ ያልቅና ይነግሩኛል ብሎ ሁለት ዓመት ጠበቀ። ልጅቷ ግን ከበትር ወደ ሁለት በትር አለፈች፤ እሱም አንድ ማለዳ አዝሏት እስከ አስፋልት ወጣና አውቶቡስ ተሳፈረ።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ ማንም ክፉ አልተናገረውም። የአጥንቱ ክፍል መምህር፣ ተማሪው ተመርቆ መሄዱን ነግሮት፣ «እኛ ስንት ልጅ እንደታመመ ነው የቆጠርነው፤ ምክንያቱ ምናልባት ከውሃው ይሆናል» ብሎ ወደ ድንጋዩ ክፍል ላከው። የድንጋዩ ክፍል ሰው ሻይ ጋበዛቸውና ስለ እግር የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ከልቡ አዝኖ ነገረው። ገበሬው ልጁን እንዳዘለ ከፎቅ ፎቅ ወጣ፣ ወረደ። በመጨረሻ ደክሞት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጎልማሳ ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ «ምን ፈለጉ?» ሲባል የዋለውን ሰው እሷ ጠጋ ብላ «ከየት አገር መጣችሁ?» አለችው። የመንደሩን ስም ነገራት። ገባች፣ ቆየች፣ አራት መጻሕፍት ታቅፋ ተመለሰች። ከአራት የተለያየ መደርደሪያ ነው ያወጣቻቸው፤ በአራቱም ላይ የመንደሩ ስም ተጽፏል።

የድንጋዩን ገልጣ አነበበችለት። ከላይኛው ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ለዓመታት ከተጠጣ፣ አጥንት የሚያጎብጥ ነው ይላል፤ አንዲት መስመር ናት፣ በሠንጠረዥ ግርጌ።

«ይሄ ከተጻፈ ስንት ዓመቱ ነው?» አላት።

«አሥራ ሁለት።»

ገበሬው ልጁን አየና ወደ መሬት አቀረቀረ። ያኔ ገና ትድኽ ነበር። ሴትዮዋ የአጥንቱን ገለጠች፤ ከመንደሩ ልጆች ግማሾቹ እግራቸው ጎብጧል፣ ምክንያቱ ወደፊት ሊጠና ይገባል ይላል። ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ጣራ ሥር ከርመዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው የዘፈኑ ነበር። «የላዩን ለበሬ፣ የታቹን ለልጄ» ብላ ጀመረች፤ ገበሬው የአማቱን ቃል አወቀውና እሱው ጨረሰላት፤ «መንገዱ ቢርቅም እወርዳለሁ ሄጄ።» ከሥሩ፣ ይህ ግጥም የእናትን ፍቅር ግሩም አድርጎ ይገልጻል የሚል ተጽፏል። እሱም ራሱ ሃያ ዓመት ሲሰማው እንደዚያ ይመስለው ነበር። አሁን ግን ብድግ አለ፤ ፊቱ ላይ ተስፋ ታየ።

«እንግዲያው ምንጩ አለ» አላት። «ነገውኑ ፓምፑን እሾህ አጥርበታለሁ። ታች ወርደን እንቀዳለን። ለእሷ ባይደርስ እንኳ የሚወለዱት ይተርፋሉ።»

ሴትዮዋ አራተኛውን፣ የዛፉን መጽሐፍ፣ ገለጠችና መልሳ ዘጋችው። ሲጠብቃት ጊዜ ግድ ሆነባትና አነበበችው። በስድስተኛው ዓመት ምንጩ መድረቁ ተስተውሏል፤ የባሕር ዛፎቹ እድገት ግን እጅግ አጥጋቢ ነው ይላል።

ገበሬው ተመልሶ ተቀመጠ። «አራቱም ቤቴ በልተዋል» አለ።

«አባዬ፣ እንሂድ» አለችው አስካለ። «አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

አዘላትና ሄዱ። በማግስቱም የመንደሩ ሰው ከዚያው ፓምፕ ቀዳ፤ ሌላ ውሃ የለማ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ገበሬ አገርህ ነው። ለመጣው ሁሉ ያበላል፣ የጠየቁትን ይመልሳል፣ ሕመሙን ግን በሆዱ ይዞ ይሸኛል። ተማሪዎቹ እኛ ነን። ከአራቱ አንድ እንኳ አልዋሸም፣ አንድ እንኳ አልሰነፈም፤ አራቱም በማዕረግ ተመርቀዋል። እውነቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደቡን ተካፍለን ወደየቤታችን ገባን፤ በሬው ግን ከታረደ ወዲያ አይነሣም። ስለዚህ የትኛው ክፍል ይጠቅማል ላልከኝ መልስ የለኝም። ድንጋይም አጥና፣ ዘፈንም አጥና፣ ደስ ያለህን። ከጎንህ ያለው በር ስንት ዓመት እንደተዘጋ ካልጠየቅህ ሁሉም ያው ነው።

ይህን ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የድንጋዩ ተማሪ በመጀመሪያው ረቂቁ መጨረሻ ላይ፣ የመንደሩ ሰው ቶሎ ይነገረውና ወደ ምንጩ ይመለስ የሚል አንድ አንቀጽ ጽፎ ነበር። ያኔ ምንጩ አልደረቀም፣ ዛፉም አልተተከለም። አማካሪው እኔ ነበርኩ። አንቀጹን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና ዳር ላይ «ይህ የእኛ የትምህርት ክፍል ሥራ አይደለም» ብዬ ጻፍኩበት።