የይመር መኪና አልነሳ አለች

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ኮምቦልቻ ነው፤ የተነሳውም ከአንዲት ትንሽ ፍላጎት ነው።

ዘሐራ የምትባል ሴት ነበረች። የፈለገችው ሐሙስ ጠዋት ባሏን ይመርን ደሴ ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ነበር። የይመር ኩላሊት ደም ማጥራት ካቃተው ዓመት አልፎታል። በሳምንት ሁለቴ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ደሙ በማሽን ካልታጠበ ውኃ ሳንባው ላይ ወጥቶ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ሚኒባስ አንድ ቀን ሞክረው መሐል መንገድ ላይ ራሱን ስቷል። የኮንትራት መኪና አቅማቸው አይፈቅድም። የቀረቻቸው ይመር ድሮ ታክሲ የሠራባት ሰማያዊ አሮጌ መኪና ናት፤ እሱ ሲደክም ዘሐራ መንዳት ተምራ እሷው ትይዛታለች። ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉን ስታዞር ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ቀየረች፤ እሱም ተቃጠለ።

መኪናዋ አልነሳ አለች፤ ሐሙስም አልጠብቅም አለ።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው እንድሪስ ቤቷ ድረስ መጣ። ከመሪው ሥር በጀርባው ተኝቶ በእጅ ባትሪ ሲፈልግ ቆየና፣ ናስትሮ የተጠመጠመበት ቅጥልጥል ሽቦ ጎትቶ አሳያት።

«እትዬ ዘሐራ፣ ይሄ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረ አይደለም። አንዱ ባንዱ ላይ የቀጠለው ነው። ይቺ የአላርም ሽቦ ናት። ከየት እንደመጣች ሳላውቅ ብቆርጣት መኪናዋ ትነድብዎታለች። የገጠመው ዮናታን ይምጣ።»

እንድሪስ ያለ ዮናታን አልቆርጥም አለ፤ መኪናዋ አልነሳ አለች፤ ሐሙስም አልጠብቅም አለ።

ዘሐራ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የዮናታን ሱቅ ሄደች። ዮናታን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እኔ ፓወር የወሰድኩት ከቴፑ ሽቦ ነው። ቴፑን የገጠመው ኡመር ሳይኖር ነቅዬ፣ ነገ ሲቃጠል ዮናታን አቃጠለው ልባል ነው?»

ዮናታን ያለ ኡመር አልነቅልም አለ፤ እንድሪስ ያለ ዮናታን አልቆርጥም አለ፤ መኪናዋ አልነሳ አለች፤ ሐሙስም አልጠብቅም አለ።

ኡመር ቴፕ መግጠም ትቶ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። ሲያያት አዘነ፤ ማዘን ግን ሽቦ አይፈታም።

«ይመር እንዴት ነው? አላህ ያሽረው። ግን እትዬ፣ እኔ የጠለፍኩት ከተጨማሪው የፊት መብራት ነው፤ ለጭጋግ ካስገጠማችሁት። እሱ የአበጋዝ ሥራ ነው። ያለ እሱ አልፈታም።»

ኡመር ያለ አበጋዝ አልፈታም አለ፤ ዮናታን ያለ ኡመር አልነቅልም አለ፤ እንድሪስ ያለ ዮናታን አልቆርጥም አለ፤ መኪናዋ አልነሳ አለች፤ ሐሙስም አልጠብቅም አለ።

ረቡዕ ነጋ። ይመር ሌሊቱን ተቀምጦ ነው ያሳለፈው፤ ሲጋደም ትንፋሽ ያጥረዋል። ዘሐራ ፊቱን አጥባው ወደ አበጋዝ ወጣች። አበጋዝ አርጅቷል፤ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«እኔ ስደርስ ሽቦው ተቀጥሎ ነው ያገኘሁት» አላት። «ከምንጣፉ ሥር ይመጣል፤ ጫፉ ላይ ቀጠልኩበት እንጂ መነሻውን አላውቀውም። መጀመሪያ የቀጠለው ሰው ካልተናገረ ምን ይዤ እመጣለሁ?»

«ማነው እሱ?»

አበጋዝ መሬት መሬት አየ። «አልነገረሽም እንዴ? ባልሽ ነው።»

ዘሐራ ወደ ቤቷ እንዴት እንደተመለሰች አታውቀውም። ይመር ትራስ ተደግፎ ግድግዳውን ያያል።

«ከምንጣፉ ሥር ያለውን ሽቦ የቀጠልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ስንከራተት እያየህ ለምን ዝም አልክ?»

«ደከመኝ፣ ዘሐራ። መኪናዋ ስትቆም፣ አላህ በቃህ አለኝ ብዬ ነው።» ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። «ምጥ የያዛቸውን ስንቱን የሐረጎን ዳገት አሻግሬ ደሴ አድርሻለሁ። ያቺንም ሽቦ የቀጠልኳት ለነሱ ከኋላ ወንበር መብራት እንዲኖር ነው። እኔ ግን መወሰድ ታከተኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። እግሯ አብጧል።

«አበጋዝ መነሻውን አላውቅም አለኝ። ኡመር ያለ አበጋዝ አልፈታም አለኝ። ዮናታን ያለ ኡመር አልነቅልም አለኝ። እንድሪስ ያለ ዮናታን አልቆርጥም አለኝ። አንተም እምቢ ካልከኝ፣ ይመር፣ የማንኳኳው ሌላ በር የለኝም።»

አላለቀሰችም። ይመር እግሯን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

«ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። ናስትሮ አልነበረኝም፤ በእጄ ጠምዝዤ በቁስል ፕላስተር ነው የጠቀለልኩት።»

ይመር ተናገረ፤ አበጋዝ በምርኩዝ መጣና የመብራቱን ሽቦ አላቀቀ፤ አበጋዝ ሲያላቅቅ ኡመር ፈታ፤ ኡመር ሲፈታ ዮናታን ነቀለ፤ ዮናታን ሲነቅል እንድሪስ ምንጣፉን ገልጦ ቆረጠ። ፕላስተሩ በስብሷል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ የወንበሩ ብረት ሽቦውን ፍቆ ልጦታል። ፊውዙን የሚያቃጥለው እሱ ነበር። እንድሪስ የተበላሸውን አውጥቶ አዲስ ሽቦ ተካ፤ መገጣጠሚያውን በሊድ በየደ፤ ላስቲክ አለበሰውና ከብረቱ አርቆ አሰረው። ዘሐራ ቁልፉን አዞረች።

መኪናዋ ተነሳች። ማንም አላጨበጨበም፤ ይመር ከቤት ውስጥ ሲያስል ይሰማ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሐረጎን በጭጋግ ወጡ። ይመር ማሽኑ ሥር አራት ሰዓት ተኛ። አልዳነም፤ የሚድንም አይደለም፤ ትንፋሹ ግን ተመለሰለት። ሲመለሱ ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ጠየቃት።

«ሰኞስ?»

«ሰኞም።»

«ከዚያስ?»

ዘሐራ ማርሽ ቀየረች። «ይመር፣ አሁን ቁልቁለቱን ልውረድ።»

ነገሬ አለቀ፤ ጤና ይስጣችሁ።