የአቶ ጫኔ መስሚያ

ጎንደር አራዳ ውስጥ አንድ ሰው ስለሚያስፈልገው ዕቃ “ግድ የለም፣ ትንሽ ልታገሥ፣ ይረክሳል” ሲል ከተሰማ፣ አጠገቡ ያለ ሰው በአራት ቃል አፉን ያስይዘዋል። አባባሉን ብዙ ሰው ይለዋል። ከማን ቤት እንደ ወጣ የሚያውቁት ግን የአንጋው ጎረቤቶች ናቸው።

አንጋው ስልክ ጠጋኝ ነው። እጁ የተባረከ ነው ይባላል፤ ስሙን ያስጠራው ግን የዓለምን ዋጋ ማወቁ ነበር። አዲስ ስልክ ወይም አዲስ ቴሌቪዥን ወጣ ሲባል፣ ዱባይ ስንት እንደሚሸጥ፣ ናይሮቢ መቼ እንደሚገባ፣ ሕንድ ምን ያህል እንደሚረክስ ሳያቅማማ ይናገራል። “እኔ ተበልቼ አላውቅም” ይል ነበር፤ እውነቱን ነው።

አባቱን አቶ ጫኔን ሠላሳ ዓመት የሠሩበት የወፍጮ ቤት ጩኸት አደንቁሯቸዋል። ጆሯቸው ሥር ካልጮኹላቸው አይሰሙም።

መንገዱ ደህና በነበረበት ዘመን፣ ታላቅ ወንድማቸው አያ አዛናው ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ መጡ። ሁለቱ ተጣልተው ከተለያዩ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አያ አዛናው ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። ካርቱም ያሉ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉላቸው ቀጥረዋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ የሚባል እንደማይኖራቸውም ነግረዋቸዋል። ጎንደር የሚቆዩት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

“ድምፄ ሳይሄድ ለጫኔ የምነግረው አለኝ” አሉት ለአንጋው።

“ለእኔ ይንገሩኝና እኔ ጮኼ ልንገራቸው።”

“አይሆንም ልጄ። ይሄ ነገር በሦስተኛ ሰው አፍ አያልፍም።”

አንጋው በማግስቱ ፒያሳ ወርዶ፣ የሕክምና ዕቃ ወደምትሸጠው ወደ ሲስተር እናንዬ ሱቅ ገባ። አዲስ የወጣ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ሹክሹክታ ሳይቀር ይለቅማል። የቀረው አንድ ነው።

“አርባ ስድስት ሺህ” አለችው።

አንጋው ሳቀና ስልኩን አውጥቶ አሳያት። “ይኸው፣ ዱባይ ላይ በእኛ ብር ሃያ አራት ሺህ ነው።”

“ልክ ነህ። ዱባይ ላለ ሰው።”

“እኛም ዱባይ ሰው አለን” ብሎ ወጣ።

ዱባይ ያለችው የሚስቱ እህት ናት። ደወለላት። “ለጊዜው አልቋል፣ ማክሰኞ እንደገና ሱቅ ይገባል አሉኝ፤ ሐሙስ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ” አለችው። አጎቱ የሚሄዱት እሑድ ነው። አንጋው በዚህ ተማምኖ ሥራውን ቀጠለ። ቤት ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይውላሉ። አያ አዛናው አንድ ነገር ይጀምራሉ፤ አቶ ጫኔ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው “እ?” ይላሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ ከዚያ ይተዉታል። አንጋው ሲያልፍ “ሐሙስ! ሐሙስ ይደርሳል!” ብሎ ይጮህላቸዋል።

ማክሰኞ ዕቃው ዱባይ አልገባም። “ለሌላ ሳምንት ተላልፏል” አለች የሚስቱ እህት። አንጋው ናይሮቢ አስጠየቀ፤ ገና ነው። ሕንድ አስጠየቀ፤ ዋጋው እንዲያውም የበለጠ ረክሷል፣ ግን የሚያመጣ ሰው አልተገኘም። ዓርብ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት፣ አርባ ስድስት ሺህ ብር ይዞ ወደ ሲስተር እናንዬ ሮጠ።

“ትናንት ከዳባት የመጣች ሴት ለእናቷ ወሰደችው።”

“በአርባ ስድስት ሺህ?”

“ቃል ሳትናገር።”

እሑድ ንጋት ላይ አውቶብስ መናኸሪያ ሸኟቸው። አያ አዛናው ከመሳፈራቸው በፊት የወንድማቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አፋቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው ረዘም ላለ ጊዜ ተናገሩ። ዙሪያው ሁሉ ረዳት ይጣራል፣ ጥሩምባ ይጮኻል። አቶ ጫኔ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ፤ የወንድማቸውን ትከሻ ሳሙ። አያ አዛናው ፊታቸው በርቶ፣ ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ቀለል ብለው ተሳፈሩ።

አውቶብሱ ሲወጣ አንጋው በአባቱ ጆሮ ጮኸ። “አባ፣ ምን አሉዎት?”

“አልሰማሁም።”

“ታዲያ ራስዎን ይነቀንቁ ነበር እኮ!”

“ያን ያህል መንገድ የመጣን ሰው አልሰማሁህም ብዬ ልመልሰው?”

አንጋው አባቱን ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳቸው።

ከካርቱም ስልክ ተደወለ፤ አያ አዛናው ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጥተዋል፣ ድምፃቸው ግን የለም። በሳምንቱ መሣሪያው ከዱባይ ገባ። አንጋው በአባቱ ጆሮ አገባውና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አባ፣ ይሰማዎታል?” አለ።

አቶ ጫኔ ደንገጥ አሉ። “ይሰማኛል። ኧረ የደጁም ይሰማኛል!”

ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶች እልል አሉ። አንዷ “በስንት ተገዛ?” ብላ ጠየቀች።

“በሃያ አራት ሺህ!” አለ አንጋው እንደ ልማዱ ፈጥኖ። “እዚህ እኮ አርባ ስድስት . . .” ብሎ አቋረጠ።

ያን ቀን አቶ ጫኔ ማንም ሳይጮህላቸው ሁሉንም ሰምተዋል። አልተቆጡም፤ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጡና እንዲህ አሉት፦ “ዕቃው መልካም ነው ልጄ፣ ተባረክ፤ ግን ርካሹ እስኪመጣ እንግዳው ወጣ።”