ያልተዳሰሰው እጅ

እንሰት እየፋቀች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ሴት ነበረች። እንሰት የፋቃችሁ ታውቁታላችሁ፤ የእጅ ጉልበት ይፈልጋል። የቀርከሃው መፋቂያ ከእጅ ካመለጠ ሥራው አበቃ።

አንድ ክረምት የዚህች ሴት ጣቶች አበጡ። ጠዋት ስትነሳ አልታጠፍ ይሏታል። መቀነቷን ለማሰር እንኳ ፀሐይ ከፍ እስክትል ትጠብቃለች።

ወረዳው ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ ዶክተር ይርዳው ወጣት ነው፤ ቁጡም አይደለም። «ብርድ ነው፣ እናቴ» አላትና ማስታገሻ ጻፈላት። አልተሻላትም፤ ተመልሳ ሄደች። «ብርድ ነው፤ ሥራም ይቀንሱ።» ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። አሁንም ጻፈላት። ሦስቱንም ጊዜ እጁ የያዘው እስክሪብቶውን ነው። የእሷን እጅ አንድ ቀን አልያዘውም!

እኛስ? እዚህ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ስትመጣ ምን አልናት? «ታገሺ፣ ፈተና ነው።» ይኸውላችሁ፣ የእኛም ማስታገሻ!

ሁለት ዓመት አለፈ። ጣቶቿ ወደ ጎን ጎበጡ። ወንድሟ ከተማ ወስዶ ለአንዲት የመገጣጠሚያ ሐኪም ሲያሳያት የበሽታው ስም ታወቀ፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ። ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። በጊዜ ከተጀመረ የሚገታው መድኃኒት አለ።

«ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ» አለቻት ሐኪሟ።

«ቀደም ብዬማ ወረዳችን ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር» አለች ሴትየዋ።

ሐኪሟም፣ «የገጠር ሐኪሞችን ላሠለጥን ወደ ወረዳችሁ እመጣለሁ። እጅሽን ታሳያቸዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሳያለሁ። ግን አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። ስምንት ሐኪሞች፣ አንድ አዳራሽ። ሴትየዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከስምንቱ አንዱ ዶክተር ይርዳው ነው። ገና ሲያያት ዓይኑን ጫማው ላይ ጣለ።

«ማን ይጀምራል?» አለች አሠልጣኟ። አንዱ ተነሣ። ሴትየዋ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«መጀመሪያ እሱ ይያዘው» አለች፤ ጣቷ ስለማይዘረጋ በአገጯ ወደ ይርዳው እያመለከተች።

«እትዬ፣ እኔ...»

«ምነው? ብርድ ነው ልትለኝ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። መጥቶ ተንበረከከና እጇን ያዘ።

«ጠበቅ አድርገው እንጂ! እንቁላል ነው እንዴ የያዝከው?»

የጣቶቿን ሥር ከጎንና ከጎን ጨመቀው። ጥርሷን ነከሰች።

«ሕመሙን አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«እንግዲህ ጠይቀኝ። ጠዋት ስነሳ ምን እንደምሆን ጠይቀኝ።»

ጠየቃት። ነገረችው። ስትጨርስ በባልደረቦቹ ፊት፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ይቅርታው ይቆየን። መሰሉ! ነይ ወዲህ።»

ከበሩ አጠገብ አንዲት ወጣት ተነሣች። ጎረቤቷ ናት፤ አብረው ነው የሚፍቁት። ጣቶቿ ማበጥ ከጀመሩ ሁለት ወራቸው ነው።

«ባለፈው ወር ብርድ ነው ብለህ የሸኘሃት ናት። የእኔ ጣት ላይመለስ ሄዷል። የዚችን ያዝ!»

ያዘ። ሁለቱንም እጆቿን፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል። ስለ ጠዋቷ ጠየቃት። ከዚያ ቀና ብሎ አሠልጣኟን፣ «ደሟ ዛሬውኑ ይመርመርና መድኃኒቱን እንጀምርላት» አላት።

መሰሉ በሳምንት አንድ ቀን የምትውጠው ኪኒን አላት። በየጊዜው ደሟን ትመረመራለች። እንሰቷንም ትፍቃለች። ዶክተር ይርዳውም እንግዲህ እጅ ሳይዝ እስክሪብቶ አያነሣም።

ወገኖቼ፣ መሠልጠን ያለበት ሐኪሙ ብቻ ነው? እሱስ ተንበርክኮ ተማረ። እኛ መቼ ነው የምንንበረከከው? በዚህ ሳምንት ማንን «ታገሺ» ብላችሁ ሸኛችሁ? ማንን ሳትነኩ «እንጸልይልሻለን» አላችሁ? ትዕግሥት የታማሚዋ ጌጥ ነው፤ ለስንፍናችን መሸፈኛ ስናደርገው ግን ነውር ነው፣ ነውር! ያቺ ሴት ታግሣ ቤቷ ብትቀመጥ ኖሮ መሰሉ ዛሬ ቀርከሃ የሚይዝ እጅ አይኖራትም ነበር።

ስሟን አልነገርኳችሁም። አስካለች ትባላለች። አዎ፣ የእኛዋ አስካለች፤ በየእሑዱ ከሩቅ አንገታችሁን ደፋ አድርጋችሁ ሰላም ብላችሁ የምታልፏት። አሁንም በር አጠገብ ተቀምጣለች። ስትወጡ እጇን ያዙት። ቀስ ብላችሁ፣ ያማታል። ከዚያ ጠዋት ስትነሳ ምን እንደምትሆን ጠይቋት።

መልሷ ረጅም ነው። ቁጭ ብላችሁ ስሙት።