ፒንሳውን የደበቀው ሰው

«ለሠርግና ለክርስትና ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ደርሰህ።

ምንትዋብ የጠየቀቻቸው ስለ አከራይ አልነበረም። እሷ ቤቷ ውስጥ የልጆች ተረት እየቀዳች በኢንተርኔት የምታሰማ ወጣት ናት። በስልክ ላይ ባለው የድምፅ ባለሙያዎች ግሩፕ ሦስት ጊዜ እርዳታ ጠይቃ ሁነኛ መልስ ብታጣ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ኩሩ ናቸው ወይስ ክፉ?» ብላ ነበር የመጣችው። ጋሽ ደርሰህ ግን አርባ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ የጠገኑ ሰው ናቸውና ሲጠየቁ ቀጥታ አይመልሱም። መጀመሪያ ክዳኑን ይፈታሉ።

ሰውየው ኢንጂነር አልነበረም፤ ሰፈሩ ግን «ኢንጂነር» ይለው ነበር፤ እሱም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ሠርግ ቤት ሚክሰሩ ፊት ቁጭ ይልና አንዷን ቁልፍ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ መልሶ ወደ ግራ አዙሮ ዓይኑን ይጨፍናል። የተለወጠ ነገር የለም፤ ሰው ግን «አሁን ጠራ» ይላል።

አንድ ጊዜ ከከተማ ወጣ ያለ ሠርግ ተጠራ። ዕቃውን አውርዶ ስፒናውን ሊሰካ ቢል አልገባ አለው። የእሱ ስፒና ሦስት እግር አለው፣ የቤቱ ሶኬት ሁለት ቀዳዳ። ሚዜዎቹ ቆመው ያያሉ፤ ሙሽራው መንገድ ላይ ነው ተብሏል። ሰውየው ከኪሱ ፒንሳ አወጣና የስፒናውን መካከለኛ እግር ቀነጠሳት። ይቺ እግር ከማሽኑ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምታወርድ መሆኗን ጨርሶ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ አንድ ጊዜ ሰምቶ ነበር። ግን ስፒናው ገባለት፣ ዘፈኑም ተጀመረ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስፒከሩ «እምምም» ማለት አመጣ። ዘፈኑ ሲያርፍ እሱ አያርፍም። ይባስ ብሎ አንድ ሽማግሌ ለምርቃት ማይኩን ተቀብለው «ውለዱ፣ ክበዱ…» ሲሉ ማይኩ ከንፈራቸውን ነዘራቸውና ምርቃቱን «ወይኔ» ብለው ጨረሱት። ሠርገኛውም እንደ ልማዱ «አሜን» አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የእህቱ ልጅ ሠርግ ነበር። እህቱ ሌላ አከራይ ልትጠራ ስትል «እኔ ወንድምሽ እያለሁ?» ብሎ የከለከላት ራሱ ነው። ስለዚህ ጭንቅ ያዘው። ሦስት ሺህ ሰው ያለበት የድምፅ ባለሙያዎች ግሩፕ ገባና ሰላምታም ሳይሰጥ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አስቸኳይ። ሳውንዴ ችግር አለበት። የሚችል ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ።»

መልስ የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ ጽሑፍ በአራት የቀይ መብራት ምልክት አስጊጦ መልሶ ለጠፈው፤ ሌሎች አራት ግሩፖች ውስጥም ለጠፈው። ቀጥሎ የስምንት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከ። ስድስቱ ደቂቃ እስከዛሬ ስንት ሠርግ እንዳደመቀ ይተርካል፤ ሰባተኛው ላይ በር ላይ ከመጣ ሰው ጋር ሲያወራ ይሰማል፤ ስምንተኛው ሲያልቅ «እና ያው፣ ይጮሃል» ይላል።

መቼም ደግ ሰው አይጠፋም። አንዱ እየገመተ ኬብል ቀይር አለው፤ ቀየረ። ሌላው ከስልክ ቻርጀር አርቀው አለው፤ አራቀ። ሦስተኛው የጎረቤት ፍሪጅ ሊሆን ይችላል ቢለው ሄዶ ጎረቤቱን ለምኖ ፍሪጇን ለግማሽ ቀን አስጠፋ። ወተቷ ተበላሸ፤ ስፒከሩ ግን «እምምም» ማለቱን አልተወም። ያኔ ተናደደና «እዚህ ግሩፕ ውስጥ አንድም የሚያውቅ ሰው የለም» ብሎ ጻፈ።

ፎቶዋ ላይ ነጭ በግ ያደረገች አንዲት ሴት ነበረች። ደሴ ውስጥ የማጉያ መጠገኛ ሱቅ አላት፤ ሰውየው ይህን አያውቅም። ይህን ሁሉ ስታነብ ቆይታ እንዲህ ስትል ጠየቀችው፦ «ወንድሜ፣ ምን ከምን ጋር አያይዘሃል? ጩኸቱ መቼ ጀመረ? ከመጀመሩ በፊትስ ምን ነካህ?»

እሱ የመጨረሻዋን ብቻ አነበበ። «እኔን ምን ይነካኛል? አንቺን ምን ነካሽ?» ብሎ መለሰላት።

ሴትዮዋ ታጋሽ ነበረች። እጅህ ማሽኑ ላይ ምን ነካ ማለቴ ነው ብላ አስረዳችው። ሰውየው ጣቱ ስልኩ ላይ ቆመች። ፒንሳው ትዝ ብሎታል። ነገር ግን በሦስት ሺህ ሰው ፊት፣ ኢንጂነር የተባለ ሰው፣ እንዴት ብሎ ይጻፈው? «ምንም አልነካሁም» አለ። እሷም እንዲያ ከሆነ ከዚህ ሆኜ ልረዳህ አልችልም ብላ ተወችው።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ማሽኑን ሳሎን ውስጥ ዘርግቶ ሲሞክር ሚስቱ ምሳ ልትጠራው መጣች። እንደ መቀለድ ብላ ማይኩን አነሳችና «ክቡር ኢንጂነር፣ ምሳ ቀርቧል» ስትል ነዘራት። ማይኩን ወርውራ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። የፒንሳውን ነገር ታውቃለች፤ የዚያን ቀን እንደ ጀብዱ አድርጎ ያጫወታት እሱ ነው።

«ለሰዎቹ ፒንሳውን ነግረሃቸዋል?» አለችው።

«አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ በምን ይወቁት? የድምፅ ባለሙያ ናቸው እንጂ ጠንቋይ አይደሉም። እሑድ ይህን ማይክ የምትይዘው የእህትህ ልጅ ናት።»

ሰውየው ምሳውን አልበላም። ስልኩን ይዞ ጥግ ተቀመጠና ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ፣ ሲጽፍ ቆየ። በመጨረሻ ሰላምታ ሰጠ። ሚክሰሩ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ስፒከር እንደተያያዘ፣ ጩኸቱ ዘፈን ባይኖርም እንደሚሰማ፣ ማይኩ ሁለት ሰው እንደነዘረ፣ ምን ምን ቀይሮ እንዳልረዳው አንድ በአንድ ጻፈ። ከዚያ ላብ እያጠመቀው፣ «ይህ ሁሉ የጀመረው የስፒናውን መካከለኛ እግር በፒንሳ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ቀድሞ የጠየቀችኝን እህት ዋሽቻታለሁ» ብሎ ላከው። ስልኩንም ሳቁ እንዳይታየው ደፋው።

ሲያነሳው ባለ በጓ ሴት መልሳለች። «አሁኑኑ ከሶኬት ንቀለው፤ ማንም አይንካው። ሦስት እግር ያለው አዲስ ስፒና አስገጥም። የሠርጉ ቤት ሶኬትም የመሬት መስመር እንዳለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይይልህ። እግዚአብሔር ሰው አትርፎልሃል።» ከሥሯ አንዱ «እኔም አምና ቆርጫለሁ» ብሏል። ሌላው «እኔ የሁለት ማሽን» ብሏል። የግሩፑ አስተዳዳሪ፣ ያ ሁሉን የሚገሥጸው፣ «የኔን ዛሬ አስቀይራለሁ» ብሎ ጽፏል። አሥራ ሰባት ሰው ተናዘዘ። የሳቀበት ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ስፒና ሊያይ ሄዷል።

ሠርጉ ደረሰ። ዘፈኑ ሲያርፍ የሚሰማው የሰው ጫጫታ ብቻ ሆነ። ሙሽራዋ ማይኩን ይዛ እናቷን ስታመሰግን ሰውየው እስክትመልስለት ድረስ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። በማግስቱ ተመልሶ ግሩፑ ውስጥ ችግሩ ምን እንደነበረና በምን እንደተፈታ ጻፈ፤ የሚያውቅ ሰው የለም በማለቱም ይቅርታ ጠየቀ። ወራት አልፈው ነቀምት ያለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ሠራተኛ ያንን ጽሑፍ ፈልጎ አገኘውና ማንንም ሳይጠይቅ ስፒናውን ቀየረ።

ጋሽ ደርሰህ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ምንትዋብ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። እኔም እዚያ ግሩፕ ውስጥ አለሁ፤ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ‹ድምፄ ልክ አይደለም፣ ምን ይሻለኛል› ነው የሚለው። አንዱ ዝንጅብል በማር ጠጪ ብሎሻል። ቀልዶብሽ አይደለም፤ የነገርሽውን በሽታ ነው ያከመው።»

ምንትዋብ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ» አሉ ጋሽ ደርሰህ። «እነዚያ ሰዎች ማይክሽን አያዩትም፣ ክፍልሽን አያውቁትም። ዓይናቸውም ጆሯቸውም አንቺው ነሽ። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም፤ ከሥራቸው ሰዓት ቆርሰው ነው የሚሰጡሽ። ስለዚህ ምን እንዳለሽ፣ ምን እንደምትሰሚ፣ ከመበላሸቱ በፊት ምን እንዳደረግሽ ንገሪያቸው። ያፈርሽበትን ነገር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሚው፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የተቀመጠው እዚያ ነው። ሲሳካልሽም ተመልሰሽ ንገሪያቸው፤ ከኋላሽ ሌላ ሰው ይመጣል። ኩሩ ናቸው ወይ ብለሽኛል። ኩራትስ አለ፤ ያለው ግን ከሚጠየቁት ዘንድ አይደለም።»