ዳጉ አይቆረጥም

አንድ ሰዓት ሠሪ ነበር። በባቡር ሐዲድ ዳር በተቆረቆረች ቆላ ከተማ ውስጥ ከመስኮት እምብዛም የማትሰፋ ሱቅ ነበረችው። እጁ ወርቅ ነው፤ እሱ የነካው ሰዓት ሁሉ ይሠራል። ለራሱ ግን ጊዜ የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። ከአፉ የማትለይ አንዲት ቃል ነበረችው፦ «ባጭሩ!» ደንበኛ ሰዓቱ እንዴት እንደ ወደቀበት ሊያስረዳ ሲጀምር «ባጭሩ!» ጎረቤት የልጁን ሕመም ሊያጫውተው ሲቀመጥ «ባጭሩ!» ሚስቱ ወይዘሮ አስካለም ከገዛ ስሟ ይልቅ ይህችን ቃል አብዝታ ሳትሰማ አልቀረችም። የቤታቸው የግድግዳ ሰዓት ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እሱ ግን «የቤቱ የት ይሄድብኛል፤ ሌላ ጊዜ አየዋለሁ» እያለ ያልፈው ነበር።

አስካለ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። በሞተችበት ቀን እሱ ሱቁ ውስጥ ነበር። አጠገቧ የነበረችው አንድያ ልጃቸው ትርሲት ናት። አባት እየሮጠ ቤት ሲደርስ፣ ልጅቱ የእናቷን የመጨረሻ ቀን ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱም እንደ ልማዱ «ባጭሩ ንገሪኝ» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ረጅሙን መስማት ፈርቶ ነው። ትርሲትም «ሞተች» ብላ ዝም አለች። የቀረው ወሬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳይነገር በሁለቱ መሀል ተቀመጠ።

አሁን ነሐሴ ነው። ትርሲት ሩቅ አገር አስተማሪ ሆና ተመድባለች፤ ሰኞ ትሄዳለች። አባት ቅዳሜ ጧት የሰው ሰዓት ከፍቶ እንደ ተቀመጠ እጁ አልታዘዝ አለው። ብድግ ብሎ ሱቁን ዘጋና ቤት ገባ።

«ተነሺ፤ በረሃው ውስጥ ካለው ጅረት ሄደን እንደር። እናትሽ ስትመኘው የኖረችው ቦታ ነው» አላት።

«ዛሬ?»

«አሁን!»

«ድንኳን እንኳ የለንም እኮ አባዬ!»

«እንዋሳለና!»

ድንኳኑን ከአንዱ ጎረቤት፣ አሮጌውን ፒካፕ ከሌላው ተዋሱ። ዳቦ፣ ውኃ፣ ሽንኩርትና ስኳር በጥድፊያ ጫኑ። ስኳሩ በር ላይ ተደፋና ሁለቱም ተንበርክከው ከአሸዋ መለየት ያዙ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው» ብላ ትርሲት ሳቀች። አባቷ ስትስቅ ካያት ቆይቶ ነበር፤ ደስ አለው። ግን ቆም ብሎ ሳቋን አላዳመጠም፤ «ባጭሩ፣ እንሂድ» አላት። ሰው ሲቸኩል ፍቅሩም አብሮ ይቸኩላል መሰለኝ።

ቦታው ሲደርሱ እንደ ተወራለት ሆኖ አገኙት። በሁለት ከፍታዎች መሀል ሰፊ አሸዋ ተኝቷል፤ በመሀሉ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ጥርት ያለ ውኃ ይወርዳል። ዳርና ዳሩ ግራር ነው፤ ከአንደኛው ከፍታ ላይ አንድ ትልቅ ዓለት ቆሟል። አባት መኪናውን ከአፋፉ አውርዶ ውኃው አጠገብ አቆመ። ለስላሳው አሸዋ ለመኝታ ይመቻል ብሎ ድንኳኑን እዚያው መትከል ጀመረ። እጁን ሊታጠብ ሲል የእጅ ሰዓቱን ፈታና አንድ ቁጥቋጦ ላይ ሰቀለው።

አራተኛውን ካስማ ሲመታ አንድ የአፋር ሽማግሌ ሁለት ግመሎች እየሳቡ መጡ። ግመሎቹን አፋፉ ላይ አሥረው ወረዱና ሰላምታ ሰጡ። የእነሱን ደኅንነት ጠየቁ፤ የቤተሰቡን፣ የመንገዱን፣ የከተማውን ጠየቁ። ከዚያም በትራቸውን አጋድመው አሸዋው ላይ ቁጢጥ አሉ።

ሰዓት ሠሪው የሚፈልጉት ነገር ያለ መሰለው። አንድ ዳቦና የውኃ ጠርሙስ አንሥቶ፣ «እንኩ አባቴ፤ ባጭሩ፣ ሌላ ምን እንስጥዎ?» አላቸው።

ሽማግሌው ዳቦውን አዩት፤ አልነኩትም። «ሁመድ እባላለሁ። ለመቀበል አልመጣሁም። ዳጉ ይዣለሁ» አሉ።

ዳጉ የአፋር ሰው ወግ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቀመጡና አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ፣ የት እንዳየው ከማን እንደ ሰማው ሳይቀር፣ ለሌላው ይነግራል። ከዚያ ተራው የሌላው ነው። ወሬ የያዘ ሰው ተናግሮ ካልጨረሰ አደራ በልቷል ማለት ነው።

ሰዓት ሠሪው ይህን አያውቅም። ወደ ካስማው ተመለሰ። ትርሲት ግን እግሯን አጥፋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

ሁመድም ከሩቅ ጀመሩ። ከሦስት ቀን በፊት የት እንዳደሩ፣ የማን ግመል እንደ ወለደች፣ የትኛው ጉድጓድ እንደ ደረቀ ነገሯት። የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ፣ የቀረውም ለምን እንደ ቀረ ነገሯት።

አባት ከወዲያ መዶሻውን አንሥቶ፣ «አባቴ፣ ባጭሩ ይንገሩንና እንገላገል!» አለ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ዳጉ አይቆረጥም። የተቆረጠ ዳጉ የውሸት ወንድም ነው» አሉና ካቆሙበት ቀጠሉ። ዛሬ ጧት ኢብራሂም የሚባል የጨው ነጋዴ አግኝተዋል፤ አባቱንም ያውቃሉ፤ ዋሽቶ አያውቅም። ኢብራሂም ከደጋው ሥር ነው የመጣው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ደጋው ሲዘንብ ውሏል። ላይኛው መሻገሪያ ላይ ውኃው የግመል ሆድ ሲደርስ በዓይኑ አይቶ፣ ለማለፍ የፈራ ግመሉን ጎትቶ ነው የወጣው።

«ሰው መንገድ ላይ ያርፋል፤ ውኃ አያርፍም» አሉ ሁመድ። «የዚያ ዓለት ጥላ ጅረቱን ሲነካ እዚህ ይደርሳል። ልትተኙበት ያሰባችሁት አሸዋ አልጋ አይደለም ልጄ፤ የጎርፉ መንገድ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንዲት ደመና የለችም። «በዚህ ፀሐይ?» ብሎ ሳቀና መምታቱን ቀጠለ።

ትርሲት ተነሥታ የመጀመሪያውን ካስማ ነቀለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«አንተ የሰማኸው መጨረሻውን ብቻ ነው አባዬ። እኔ ከመጀመሪያው ሰምቻለሁ። ሰውየውን፣ ቦታውን፣ ግመሉን፣ ሁሉንም። ውሸት እንዲህ አይነገርም።» ሁለተኛውን ካስማ ነቀለች። «እስከ ዛሬ ስሚ ስትለኝ ሰምቻለሁ። በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ስማኝ።»

አባት ልጁን አያት። ስትለምን የእናቷን ፊት ነበር የያዘችው። መዶሻውን ጣለ።

ዕቃውን ጠቅልለው፣ ፒካፑን እያስጓሩ ከአሸዋው አስወጥተው አፋፉ ላይ አቆሙት። ሰዓቱ ከቁጥቋጦው ላይ እንደ ቀረ ትዝ ሲለው ሊወርድ አንድ እግሩን አነሣ። ሁመድ ክንዱን ያዙት። የዓለቱ ጥላ ጅረቱን ነክቶ ነበር።

መጀመሪያ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከሩቅ የመኪና ሰልፍ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ቡናማው ውኃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ደረሰ። ድንኳኑ የነበረበትን፣ መዶሻውን፣ ቁጥቋጦውን ከነሰዓቱ ጠራርጎ ወሰደ። ሰዓት ሠሪው የልጁን እጅ ጨብጦ ቆመ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ «ለምን ገና ሲመጡ ውጡ አላሉንም?» ሲል ጠየቀ።

«ብልህ ኖሮ ትወጣ ነበር?»

ሰዓት ሠሪው አሰበና አንገቱን ደፋ። «አልወጣም ነበር።»

«ጊዜውንም አውቀው ነበር፤ ጥላው ይነግረኛል» አሉ ሁመድ። አሁን ዳቦውን ተቀብለው ቆረሱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ዳር ደርሳለች። «እንግዲህ የእኔ አልቋል። ተራው የእናንተ ነው።»

«እኛ ምን ወሬ አለን» አለ አባት። ቀጥሎም፣ «ሚስቴ ሞተች» አለ።

«አላህ ይማራት። መቼ? በስንት ሰዓት? ማን ነበር አጠገቧ? ምን አለች?»

ሰዓት ሠሪው ዓመት ሙሉ ሐዘን ተቀምጧል፤ የሐዘኑን ወሬ ግን አያውቀውም። ወደ ልጁ ዞረ።

«ትርሲቴ፣ ንገሪን።»

«ባጭሩ?» አለች ፈገግ ብላ።

ሰዓቱ ወደ ነበረበት ባዶ የእጅ አንጓው አየ። «አይደለም። ከመጀመሪያው።»

ነገረችው። እናቷ በዚያን ቀን ጧት ፀጉሯን እንድታበጥራት መጠየቋን፣ ሻዩ ስኳር አነሰው ብላ መነጫነጯን፣ ስለ ሠርጓ ቀን ዝናብ እያወራች መሳቋን ነገረችው። በመጨረሻ እናት ዓይኗን ወደ ግድግዳው ሰዓት አንሥታ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ለአባትሽ ንገሪው። ሰዓቱ አልተበላሸም፤ ባትሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሊጠግነው ሲቀመጥ እግረ መንገዱን አጠገቤ ይሆናል ብዬ ነው። እሱ እቴ፣ መች ተቀመጠ! ግን አልተቀየምኩትም በይው።»

ሰዓት ሠሪው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጁ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ሁመድ ምንም አላሉም፤ ዳጉ እየተነገረ አይቋረጥምና።

ሰኞ ትርሲት ሄደች። አባት የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ባትሪ ከተተለትና መልሶ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ልጁ በደወለች ቁጥር ወንበር ስቦ ይቀመጥና፣ «በይ ከመጀመሪያው ጀምሪ» ይላታል።

ወገኖቼ፣ የሚወዱን ሰዎች ወሬያቸውን ከሩቅ የሚጀምሩት ቀን ተርፏቸው አይደለም፤ እስኪጨርሱ አጠገባቸው እንድንቀመጥላቸው ነው። የሰው ቃል ሲቆረጥ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የሚያድነው ክፍል ነው፤ ጎርፉም ምሕረቱም ያለው ከመጨረሻው ላይ ነበር። ሰዓት ሠሪው የጎርፉን ለመስማት ደረሰ፤ ምሕረቱን ግን ከሚስቱ አፍ የመስማት ዕድል አምልጦት ነበር።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ግድግዳውን ቀና ብላችሁ እዩት። እናንተ እንድትቀመጡላት ወይም እንድትቀመጡለት ብሎ ባትሪውን ያወጣ ሰው ይኖር ይሆን?